የእትዬ ሩቅያ ኮንቴነሮች

የእትዬ ሩቅያ ልጅ ፈቲያ ከጅቡቲ ስትደውልልኝ አዲስ አበባ ቁርስ ላይ ነበርኩ። ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣ «ሰሎሞን፣ እማ ሐሙስ ዕለት አረፈች» አለችኝ። አፌ ውስጥ ያለውን ሳልውጥ፣ የማጽናኛ ቃል ስፈልግ፣ እሷ ቀጠለች። «ሱቁን ልንዘጋው ነው። ማሽኑ ግን እንደበራ ነው። እንዴት ነው የሚጠፋው?»

እንዲህ ያለ መርዶ ተረድቼ አላውቅም። «አላህ ይርሐማት» ማለት ሲገባኝ፣ ከአፌ የወጣው «ገመዱን እንዳትነቅዪው!» የሚል ነበር። መልሼ እንደምደውልላት ነግሬያት ስልኩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሳቄ መጣ። በእትዬ ሩቅያ ነገር ለቅሶና ሳቅ ተለይተውልኝ አያውቁም።

እትዬ ሩቅያ የድሬዳዋ ልጅ ናት። በ«አንቱ» ፈንታ «እሷ» የምለው ባለጌ ሆኜ አይደለም። ሥራ በጀመርኩበት ቀን «እርስዎ» ብያት ከኋላዋ ሰው ቆሞ እንደሆነ ዞር ብላ አየች። «እርስዎ የምትላት ሴትዮ ስትመጣ እጠራሃለሁ። እስከዚያ ግን አንቺ በለኝ አቦ» አለችኝ። ሴትዮዋ ሳትመጣ ቀረች።

ባሏ በሕይወት ሳሉ ወደብ ላይ ትራንዚተር ነበሩ። የኢትዮጵያ ነጋዴዎችን ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስፈቱ ሰው ማለት ነው። እሳቸው ሲሞቱ ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር ያለውን ቤቷን የፊት ክፍል ሱቅ አደረገችና የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ጀመረች። ያኔ የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። ያላት አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አራት ወንበርና እኔ ነበርን። ደንበኞቻችን የአዲስ አበባ መንገድ ሾፌሮች፣ ደግሞም ሀራሙስ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ቪላ የሚጠብቁ ዘበኞችና እዚያው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ። አማርኛ ማስጻፍ የፈለገ ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። እኔ ታይፒስት ነኝ። ከተማው ዳር ካለው ዋራበሌ ሰፈር በሚኒባስ እየተመላለስኩ ብዙ ዓመት ሠራሁላት።

ኮምፒውተሩን እንደ ተቀጣሪ ነበር የምታየው። ጠዋት የሸፈነችበትን ሻሽ ገልጣ «እንዴት አደርክ?» ትለዋለች። ሲዘገይ «ተዉት፣ እያሰበ ነው» ብላ ደንበኛውን ትቆጣለች። ወረቀት ሲነክስ በፈረንሳይኛ «አሌ! አሌ!»፣ ቀጥል ቀጥል፣ እያለች ፕሪንተሩን በመዳፏ ትመታዋለች። ሱቁ ውስጥ ያለው አንድ ቬንቲላተር የሚነፍሰው ወደ እሱ ነው። እኔ በጅቡቲ ሙቀት ላቤ ኪቦርዱ ላይ እየተንጠባጠበ እሠራለሁ፣ ማሽኑ ግን ይናፈሳል። አንድ ጊዜ ቬንቲላተሩን ወደ እኔ ባዞረው፣ «አንተ ላብ አለህ፣ እሱ ምን አለው?» ብላ ወደ እሱ መልሳ አዞረችው።

ችግራችን የሚጀምረው ቀትር ላይ ነበር። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ከተማ ሲደርስ መኪኖቹ ጥሩንባ እየነፉ ይበተናሉ። ከዚያ በኋላ ጅቡቲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ቢሮው ይዘጋል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ የሚቅመው ይቅማል፣ የሚተኛው ይተኛል። እትዬ ሩቅያ ጥሩንባውን እንደሰማች ከወንበሯ ትነሳና ወደ ግድግዳው ሄዳ የኮምፒውተሩን ገመድ ትነቅላለች። ዝጋ የለ፣ አጥፋ የለ፣ ትነቅላለች።

«እትዬ ሩቅያ፣ እንዲህ አይጠፋም እኮ!»

«ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት እሱ ለምን ይነቃል? ከዙሁር በኋላ ሰውም ማሽንም ነገር አያውቅም።»

ይህ አባባሏ ነው፣ ዙሁር የቀትሩ ሶላት ነው። ልጅ ስትገስጽም፣ ዋጋ ስትከራከርም፣ ፖለቲካ ሲነሳም ትለዋለች።

የመንቀሉ ጣጣ የሚታየው አንዳንድ ቀን ማግስቱን ነበር። ኮምፒውተር ፊደል በፈለገ ቁጥር ጓዳ ገብቶ አይፈልግም። ባለሱቅ ቶሎ ቶሎ የሚሸጠውን ስኳርና ሻይ ቅጠል እጁ ሥር እንደሚያኖረው፣ እሱም የሚያዘወትራቸውን ፊደሎች አንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ አድርጎ አጠገቡ ያስቀምጣል። ፎንት ካሽ ትባላለች። በሥርዓት ሲዘጉት ፋይሏን አስተካክሎ ይተኛል። እየጻፈባት ሳለ ገመዱን ከነቀሉት ግን ትበላሻለች። ጠዋት ስታበራው ፈረንሳይኛው ደህና ሆኖ ይመጣል፣ አማርኛው ግን በሙሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል። «ሀ»ም ሳጥን፣ «ፐ»ም ሳጥን። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። የተበላሸችውን ፋይል መደምሰስና ማሽኑን እንደገና ማስነሳት ነው፣ አዲሷን ራሱ ይሠራታል። የእኛው ማሽን ግን አሮጌ ስለነበር እንደ ግመል ነው የሚነሳው፣ በየተራ፣ እያጓራ፣ መሐል ላይ ሐሳቡን የቀየረ እየመሰለ።

ይህን ሁሉ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ። «ገባኝ» አለች። ቀትር ላይ ነቀለችው።

የገባት ሌላ ነገር ኖሯል። ሳጥኖቹን መጀመሪያ ያየች ቀን መነጽሯን አድርጋ፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ብዙ አየች። ከዚያ ቀና ብላ «ኮንቴነር ነው» አለችኝ።

«ምን?»

«ኮንቴነር ነዋ። ወደብ ሄደህ አታውቅም? አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድሮ። ፊደሉ የት ይሄዳል? ውስጡ ነው ያለው። አልተፈታም እንጂ አልጠፋም።»

ፋይሉን ደምስሼ ፊደሉ ሲመለስ፣ ባሏ ያደርጉት እንደነበረው እጇን እያራገፈች፣ «አየህ? ጉምሩክ ለቀቀው» አለች። ከዚያ ወዲያ በዓለም ላይ ያለ ባለሙያ ሁሉ ቢሰበሰብ ከዚህ እምነቷ አይነቀንቃትም ነበር።

ይብስ የሚያስገርመው የደንበኞቹ ነገር ነው። ሳጥን ያየውን ሾፌር «ዕቃህ ገብቷል፣ ግን አልወጣም» ትለዋለች። ሌላ አገር ቢሆን ሰውየው ይጮኻል። እነዚህ ግን ዕድሜያቸው ወደብ በር ላይ ተራ ሲጠብቁ ያለቀ ሰዎች ናቸው። ራሳቸውን ይነቀንቁና «ዛሬ ይወጣል ወይስ ለነገ ልምጣ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዱማ «የሚጎድል ሰነድ ካለ ንገሩኝ፣ ላምጣ» ብሎኛል።

ታደሰ የሚባል የሀራሙስ ዘበኛ ነበር። ብዙ ዓመት ሠርቶ ወደ ሀገሩ ሊገባ ሲል፣ በታማኝነት ማገልገሉን የሚገልጽ ወረቀት በአማርኛ ጽፌለት ፈረንሳዊው አሠሪው እንዲፈርምበት ፈለገ። ጻፍኩለት። ሊወስደው በመጣበት ቀን ግን እኔ ታምሜ ቤቴ ተኝቼ ነበር፣ ፊደሉም እንደ ልማዱ ጠፍቷል። እትዬ ሩቅያ ሰው መመለስ አትወድም። ሳጥኖቹን እንዳሉ አትማ፣ «ያዝ፣ ውስጡ አለ» ብላ ሰጠችው። ታደሰም ወሰደው። ፈረንሳዊው ወረቀቱን እያገላበጠ «ፊደላችሁ እንዴት ያምራል!» ብሎ አድንቆ ፈረመ፣ ማኅተምም መታበት።

ይህን ስሰማ በድንጋጤ ሌላ ጽፌ ልሰጠው ሮጥኩ፣ ታደሰ ግን ሄዷል። ከወራት በኋላ በሾፌር እጅ ምስጋና ላከ። የወረዳው ሰዎች ወረቀቱን ተቀባብለው አይተው፣ «ፈረንሳይኛ ነው» ብለው ተስማምተው፣ የትምህርት ቤት ጥበቃ አድርገው ቀጥረውታል። እኔ ራሴን ይዤ ስቀር እትዬ ሩቅያ ቅንጣት አልገረማትም። «አላልኩህም? ሀገር ቤት ሲደርስ ተፈታ» አለችኝ።

ፈቲያ አንድ ልጇ ናት። ቀትር ሲቃረብ የእናቷን ምሳ በሳህን ሸፍና ከጓዳ ታመጣለች። ጀማል የሚባል የአዳማ ልጅ፣ ሾፌር፣ ይህን ሰዓት አጥንቶ ወረቀት ማስጻፍ አበዛ። መጀመሪያ የሚያስፈልገውን አስጻፈ። ኋላ የማያስፈልገውን አስጻፈ። በመጨረሻ የመኪናውን የጎማ ቁጥር ሳይቀር በአማርኛ ሲያስተይብ ነገሩ ለእኔም ገባኝ። ፈቲያ ከሁላችንም ቀድሞ ገብቷት ኖሯል።

ጀማል ሽማግሌ ላከ። ሐጂ ኢብራሂም የሚባሉ የሐረር ሰው፣ የጨርቅ ነጋዴ፣ እና ጋሽ በቀለ፣ የሾፌሮቹ ሁሉ ታላቅ። እትዬ ሩቅያ «አስብበታለሁ» ብላ መለሰቻቸው። ይህ ወግ ነው፣ በመጀመሪያ ጥያቄ ልጅ የሚሰጥ የለም። ተመልሰው ሲመጡ ግን «ሙቀቱ በረድ ሲል ኑ» አለቻቸው። ጅቡቲ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሽማግሌዎቹ አልጠፋቸውም።

አንድ ቀን ወረቀት እየደረደርን ሳለ ሳልጠይቃት፣ «ልጁን አልጠላሁትም። የጠላሁት አዳማን ነው» አለችኝ። ወረቀቱን እያስተካከለች፣ «እሷ ከሄደች ከዙሁር በኋላ እዚያ ቤት ውስጥ ምን ድምፅ ነው የምሰማው?» አለች።  የደረደርኩትን ወረቀት እንደገና ደረደርኩት።

ሽማግሌዎቹ በሦስተኛው ጊዜ ወደ ቤቷ አልገቡም፣ ቀትር ሲቃረብ ሱቁ መጡ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ እትዬ ሩቅያ ሁለት ወንበር አስጠጋችላቸው።

«ተቀመጡ።»

«ልጅሽን ስትሰጪን እንቀመጣለን» አሉ ሐጂ ኢብራሂም። ይህም ወግ ነው። መልስ ያላገኘ ሽማግሌ አይቀመጥም።

ጋሽ በቀለ ወንበሩን አይተው ተነፈሱ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ተቀምጦ መንዳት እንጂ መቆም አይሆንላቸውም።

እትዬ ሩቅያ አሰበች አሰበችና፣ «እሺ። በአባቷ ሙያ እንሂድ» አለች። «ያልተጻፈ ዕቃ ከወደብ አይወጣም። ሰሎሞን ሁለቱን ስም ጎን ለጎን ይጻፍ። ከተጻፈ እሰጣለሁ። ኮንቴነር ከመጣ ግን አላህ አልፈቀደውም ማለት ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሽ በቀለ «ይህ ምን ዓይነት ነገር ነው?» ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ ሐጂ ክንዳቸውን ያዙ። እኔ የዚያን ዕለት የመጀመሪያ አማርኛዬን ጻፍኩ። ፈቲያ። ጀማል። ስክሪኑ ላይ የመጣው ስድስት ባዶ ሳጥን ነበር።

«በቃ» አለች እትዬ ሩቅያ። ፊቷ ላይ እፎይታ አየሁ።

ሐጂ ኢብራሂም ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። መነጽራቸውን አውጥተው፣ አጎንብሰው፣ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አዩ። «ሩቅያ፣ ኮንቴነር ወደብ ላይ ስለቆመ ዕቃው ተመልሷል ይባላል?» አሉ። «አላህ ይርሐመውና ባልሽ እንዲህ ብሎ ያውቃል? ትራንዚተር ይጠየቃል እንጂ። ይኸው ሰሎሞን አለ፣ ያስፈታልን። እኛ ቆመን እንጠብቃለን።»

 በገዛ ሕጓ ተያዘች። «ያስፈታዋ» አለች፣ እኔን በክፉ ዓይን እያየች።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያለ ኃላፊነት ተሸክሜ አላውቅም። ፋይሏን ፈልጌ ደመሰስኩና ማሽኑን አስነሳሁት። ግመሉ መነሳት ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይወርዳል። ሐጂ ወግ ሳይሰብሩ፣ ማንም እንዳያያቸው መስሏቸው፣ ቀስ እያሉ ወደ ማሽኑ ቬንቲላተር ይጠጋሉ። ጋሽ በቀለ ደግሞ አንዱን እግራቸውን ሲያሳርፉ ሌላው እየተንቀጠቀጠ ነው። ፎቶ ኮፒ የፈለገች ሴት ገብታ ሁላችንም አፍጥጠን አንድ ጥቁር ስክሪን ስናይ አየችና ለቅሶ መስሏት ከንፈሯን መጥጣ ወጣች።

ማሽኑ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የጫቱ ጥሩንባ ተነፋ።

እትዬ ሩቅያ ብድግ አለች። ወደ ግድግዳው ሄደች። ገመዱን ያዘች።

«እትዬ ሩቅያ፣ በእናትሽ» አልኳት፣ «አዲሷን ፋይል እየሠራ ነው። አሁን ከነቀልሽው እንደገና ሳጥን ይሆናል።»

«ቀትር ነው» አለች። ድምፅዋ ግን በልማድ የሚያደርግ ሰው ድምፅ አልነበረም። ዓመታት ሙሉ ስነግራት የኖርኩት ነገር ያን ጊዜ በደንብ እንደገባት አወቅሁ።  በወግ ልጅ ይለመናል እንጂ ገመድ እንዳይነቀል የሚለመንበት ቃል የለም።

በዚህ መሐል ፈቲያ ምሳውን ይዛ ገባች። የቆሙትን ሽማግሌዎች አየች። ስክሪኑን አየች። የእናቷን እጅ አየች። ሳህኑን ፎቶ ኮፒው ላይ አስቀመጠችና በቀስታ፣ «ንቀይው እማ» አለች። «ካልፈለግሽ ንቀይው። አልቀየምሽም። ሌላ ጊዜ እጠይቅሻለሁ።»

እትዬ ሩቅያ ልጇን ብዙ አየቻት። ጥሩንባው ራቀ። መንገዱ ጭር አለ። ከዚያ ገመዱን ለቀቀችና እጇን በድሪያ ቀሚሷ ጠረገች። ቀትር አልፎ ማሽኑ እንደበራ ሲቀር ያ የመጀመሪያው ነበር።

ግመሉ ቆመ። እንደገና ጻፍኩ። ፈቲያ ጀማል። ጥርት ብሎ መጣ።

ጠጋ ብላ አየችው። «ጀማል የሚለው ለምን ወፈረ?» አለች።

«እኩል ናቸው እትዬ።»

«ይሁን። ጉምሩክ ከለቀቀ እኔ ማነኝ?» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ተቀመጡ።»

ጋሽ በቀለ ወንበሩ ጋ እስኪደርሱ አልጠበቁም። አጠገባቸው የነበረው የወረቀት ካርቶን ላይ ዝርፍጥ አሉ፣ ካርቶኑም አብሯቸው ወረደ። ሐጂ ዱዓ እያደረጉ እኛ ጋሽ በቀለን እናነሳ ነበር።

ሠርጉ ሆነ፣ ፈቲያ አዳማ ገባች። እኔም ከሳምንት በኋላ ሳጥኖቹን መጠበቅ ጀመርኩ። አልመጡም። ጠዋት ስገባ ፊደሉ አለ። በማግስቱም አለ። ወሩ አለቀ፣ ሳጥን የለም። ሾፌሮቹ ሳይቀሩ «ዘንድሮ ወደቡ ቀለለ እንዴ?» ይሉኝ ጀመር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ቦርሳዬን ረስቼ ተመለስኩ። ከተማው ተኝቷል። እትዬ ሩቅያ ሱቁ ውስጥ የእኔ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ማሽኑ በርቷል። የማያቋርጥ ጉርምርምታውን እያሰማ ነው። ገመዱ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው።

«አልነቀልሽውም?» አልኳት።

«ተወው፣ ያጓራ» አለች ሳትዞር። «ቤቱ ጭር አይልም።»

መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ ገዛችለት። እኔ ወደ አዲስ አበባ እስክመለስ ድረስ ያ ማሽን ጠፍቶ አያውቅም። ኋላም ሞኒተሩን አስቀየረች፣ ውስጡን አስቀየረች፣ ማጥፋት ግን አላጠፋችውም። ሳጥኖቹም ተመልሰው አልመጡም። እኔ ስንት ዓመት የለፋሁበትን በሽታ የፈወሰው የፈቲያ መሄድ ነው።

በዚያ በመርዶው ጠዋት ስልኩን አንስቼ ፈቲያ ጋ መልሼ ደወልኩ። መጀመሪያ እንደ ሰው አጽናናኋት። ከዚያ፣ «ከታች በግራ በኩል ያለውን ተጫኚ። በፈረንሳይኛ አሬቴ፣ አጥፋ፣ የሚል ይመጣልሻል» አልኳት።

«መጣ።»

«እሱን ተጫኚና ተይው። ራሱ ይጠፋል። ገመዱን እንዳትነኪው።»

በስልኩ ውስጥ ያ የማውቀው ጉርምርምታ ይሰማኝ ነበር። ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ቆመ። 

«ሰሎሞን።»

«አቤት።»

«ቤቱ እንዲህ ጭር ይል ነበር እንዴ?»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ። 

«መልሼ ላብራው?» አለችኝ።

«አብሪው» አልኳት። «የሱቁ ዕቃ ወጥቶ እስኪያልቅ ይብራ።»

ስልኩን ጆሯችን ላይ እንዳደረግን፣ እሷ ካርቲየ 5፣ እኔ አዲስ አበባ፣ ሁለታችንም ማሽኑ እስኪነሳ ጠበቅነው።

«ፊደሉስ?» አልኳት።

«ቆይ» አለች። ኪቦርዱ ሲንኳኳ ሰማሁ።

«አለ» አለችኝ።